ለዛሬው ጨዋታ የቱን ዘመን ልክፈት? የፖፕ ዘፈን ከ60ዎቹ እስከ አሁን

አንድ የቤተሰብ ዝግጅት ላይ «ሙዚቃውን አንተ ያዝ» ተባልኩ። ደስ አለኝ። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ የምወዳቸውን ዘፈኖች ለቀምኩ። ቀኑ ደረሰና ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የ16 ዓመቷ የእህቴ ልጅ የራሷን ኢርፎን ሰክታ አየኋት። አክስቴ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ሰው ሰው የሚል ዘፈን የለህም?» አለችኝ። ሲጨፍሩ የቀሩት እኩዮቼ ብቻ ናቸው። የከፈትኩት በሙሉ የ80ዎቹና የ90ዎቹ ነበር። ለካ የደገስኩት ለራሴ ነው።

ከዚያ ወዲህ «የቱ ዘመን ይበልጣል?» የሚለውን ክርክር ትቼዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚያሸንፍበት ክርክር ነው። ሁሉም የልጅነቱን ይዞ ይመጣል። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይሄ ዘፈን ሲሠራ በምን እንዲሰማ ታስቦ ነበር? በትንሽ ራዲዮ? በጭፈራ ቤት ስፒከር? በቴሌቪዥን? በስልክ? መልሱ ዛሬ የት ብከፍተው እንደሚያምር ይነግረኛል። ከታች ያለው ንጽጽር በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። 60ዎቹ፣ 80ዎቹ የምለው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ካነበባችሁት ሙዚቃው ሁሉ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል።

መጀመሪያ ማን እንደሚሰማ ቁጠሩ

ሰው ከአሥራዎቹ አጋማሽ እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ የሰማውን ዘፈን ከሌላው ሁሉ አጥብቆ ይይዛል። የሥነ ልቦና አጥኚዎችም ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ስለዚህ ቀላል ሂሳብ አለኝ፦ የትውልድ ዓመት ላይ 15 ደምር። በ1950 የተወለደ ሰው 1965 ላይ ያርፋል። በ1975 የተወለደ 1990 ላይ። በ2000 የተወለደው ደግሞ 2015 ላይ። እዚያ አካባቢ ያለ ዘፈን ስትከፍቱ ሰውየው ከወንበሩ ባይነሳ እንኳ እግሩ ሲመታ ታያላችሁ።

ሂሳቡ ሁልጊዜ አይሠራም። የእህቴ ልጅ ኬት ቡሽን ትወዳለች። «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» የወጣው በ1985 ነው፤ እሷ ልትወለድ ብዙ ዓመት ሲቀረው። አንድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ስለገባ በ2022 የእንግሊዝን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መራ። ከ37 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለልጆቹ አዲስ ዘፈን ነው፤ ለእኔ አሮጌ። ለመነሻ ግን ሂሳቡ ይበቃል።

60ዎቹ፦ ለትንሽ ስፒከርና ለብዙ አፍ

የ60ዎቹ ፖፕ የተሠራው ለራዲዮ ነው። ዘፈኑ የሚወጣው በትንሿ ሸክላ ነው፤ አንዱ ፊቷ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ትይዛለች። ጊዜ የለም። ስለዚህ ዘፋኙ ቶሎ ይገባል፣ አዝማቹ ቶሎ ይመጣል፣ ዘፈኑም ሳይሰለች ያልቃል። ቤሪ ጎርዲ በ1959 ዲትሮይት ላይ ያቋቋመው ሞታውን የተባለ የሙዚቃ ኩባንያ የተሠራውን ዘፈን የሚፈትነው የመኪና ራዲዮ በሚመስል ትንሽ ስፒከር ጭምር ነበር። በእሱ ካማረ በሁሉም ያምራል ብለው ነው።

ዛሬም ይሠራል። ርካሽ ስፒከር ካላችሁ፣ ወይም ሙዚቃው ከስልኩ በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ፣ ወደ 60ዎቹ ሂዱ። የቴምፕቴሽንስ «ማይ ገርል» ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ሲገባ፣ ቀጥሎ ሌላው ጊታር ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሽቅብ ሲል፣ በምኑም ብትሰሙት ያው ነው። ዜማው አፍ ላይ ነው ያለው እንጂ ስፒከሩ ላይ አይደለም።

አብሮ ለመዝፈንም ከዚህ ዘመን የሚበልጥ የለም። ቢትልስ የመጀመሪያ አልበማቸውን አሥር ዘፈኖች በአንድ ቀን ነው የቀዱት፤ የካቲት ወር 1963። «ትዊስት ኤንድ ሻውት» የመጨረሻው ነበር። ጆን ሌነን ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጉሮሮው ቀድሞ እንዳይበላሽ ወደ ማታ ገፉት። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ዘፈን ድምፅ የሌለውን ሰው ያበረታታል። «ሄይ ጁድ» ደግሞ ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው። ከአራት ደቂቃ የሚበልጠው ግን «ና ና ና» ነው። ግጥም የማያውቅ፣ እንግሊዝኛ የማይችል፣ ገና አሁን የደረሰ እንግዳ፣ ሁሉም ይችለዋል።

የሚጎድለው ምንድን ነው? ሆድ የሚመታ ባስ። ሰው ለጭፈራ ሞቆ ሳለ ድንገት 60ዎቹን ብትከፍቱ ክፍሉ የቀዘቀዘ ይመስላል። ሌላ ጣጣም አለ። የዚያን ጊዜ ስቴሪዮ ገና ሙከራ ላይ ነበር። ብዙ ዘፈኖች ላይ ድምፁ በቀኝ፣ ከበሮው በግራ ተለያይተው ተቀምጠዋል። በስፒከር ብዙም አያስታውቅም። በኢርፎን ግን ይረብሻል። አንዱ ጆሮ ካልሠራ ደግሞ ዘፋኙ ጭራሽ ይጠፋል። «ሞኖ» የሚል ቅጂ፣ ማለትም ሁሉም ድምፅ በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሰማበት፣ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ሠሪዎቹም በጊዜው የተጨነቁት ለሞኖው ነበር።

70ዎቹ፦ ሰው እንዲነሳ ከፈለጋችሁ

እዚህ ላይ ሸክላው ተለቀ። በትልቁ ሸክላ ላይ የሚወጡ የዲስኮ ዘፈኖች ስድስት ሰባት ደቂቃ መሄድ ቻሉ፤ ባሱም ወፈረ። ከ60ዎቹ ጋር ያለው ልዩነት እሱ ነው። የ60ዎቹ ዘፈን አፍ ያስከፍታል፣ የ70ዎቹ እግር ያንቀሳቅሳል።

ሦስቱን ላነጻጽር። አባ የተባለው የስዊድን ባንድ «ዳንሲንግ ኩዊን» በ1976 የወጣ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 100 ምት አካባቢ ነው፤ ከእርምጃ ብዙ አይፈጥንም። ስለዚህ መጨፈር የማይችለውም፣ ጉልበቱን የሚያመውም ይሄድበታል። ዕድሜ ለተቀላቀለበት ቤት መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። የቢ ጂስ «ስቴዪን አላይቭ» ትንሽ ይፈጥናል፤ 103 ገደማ ነው። ልብ ሲቆም ደረት መጫን የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ምቱን በእሱ ያስለምዳሉ፤ የሚፈለገው ፍጥነት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ስለሆነ። ያ የማይዛባ ከበሮ ግን የሰው እጅ እንዳለ የመታው አይደለም። ሲቀዱ ድራም መቺያቸው በቤተሰብ ጉዳይ ሄዶ ነበር። ከሌላው ዘፈናቸው ከ«ናይት ፊቨር» አጭር ቁራጭ ቆርጠው ቴፑን እየደጋገሙ አዞሩት። ሸክላው ላይ ደግሞ ለሌለው መቺ ስም አወጡለት።

ሦስተኛው የዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ» ነው፤ 1977። ከድምጿና ከባስ ከበሮው በቀር ሁሉም ነገር ሙግ ከተባለ ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ ከሚፈጥር ማሽን፣ የወጣ ነው። የሠራው ጆርጆ ሞሮደር ነው። ዕድሜውን ሳትናገሩ ለወጣቶች ክፈቱላቸውና ግምታቸውን ጠይቁ። የእህቴ ልጅ «ያለፈው ዓመት ነው አይደል?» አለችኝ። ለሽማግሌዎች ግን አይሆንም። አክስቴ ስትሰማው «ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» ብላለች።

ስቲቪ ወንደር ለብቻው ይቀመጥ። «ሱፐርስቲሽን» በ1972 ወጣ። መግቢያው ላይ ያለውን ድራም የመታው ራሱ ነው። ያንን እንደ ጊታር የሚያጉረመርም ክላቪኔት የተባለ ኪቦርድም ራሱ ነው የተጫወተው። ቤት ውስጥ አንድም ሰው ሳይነሳ ሲቀር የመጨረሻው መሣሪያዬ እሱ ነው። የኩዊን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ግን ለመኪና ይቆይ። ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ አዝማች የሚባል የለውም፣ መሐሉ ላይ ኦፔራ ይሆናል። የሚጨፍር ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ የሚገባበት ያጣል። መኪና ውስጥ አራት ሰው ካላችሁ ግን ሌላ አያስፈልጋችሁም።

80ዎቹ፦ እዚህ ላይ አድልዎ አለብኝ

የልጅነቴ ዘመን ስለሆነ ሚዛኔን አትመኑ። ቢሆንም የምለው አለኝ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ኤም ቲ ቪ የተባለው የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። ያን ጊዜ ዘፈን መታየት ጀመረ። ሊንን የመሳሰሉ የድራም ማሽኖች መጡ። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ፤ ያ የደወል ድምፅ ያለው ፒያኖ የቀረ የፍቅር ዘፈን የለም። ጥሩውም መጥፎውም ከዚህ ይመነጫል። ድምፁ ትልቅና ብሩህ ነው፤ ግን በሁለት ሰከንድ ዘመኑን ያሳብቃል። አክስቴ «ሰው ሰው የሚል የለህም?» ያለችው ለዚህ ነው። እውነቷን ነው፤ ብዙው ማሽን ነው።

የማያረጀው «ቢሊ ጂን» ነው። መግቢያው ወደ 29 ሰከንድ ነው። ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ ረዘመ ብሎት ነበር። ማይክል ጃክሰን ግን ያስጨፍረኛል ብሎ አላስነካ አለ። በዛሬ ልማድ 29 ሰከንድ ዘላለም ነው። ግን ሞክሩት፤ ሰው ከሌላ ክፍል ሳይቀር የሚመጣው በዚያ 29 ሰከንድ ውስጥ ነው። ለተቀላቀለ ቤት ከ«ዳንሲንግ ኩዊን» ጋር የማወዳድረው ብቸኛ ዘፈን ነው። የዊትኒ ሂውስተን «አይ ዋና ዳንስ ዊዝ ሰምባዲ» ይበልጥ ይፈጥናል፣ ይበልጥም ያስጮሃል፤ ጨዋታው ከሞቀ በኋላ ነው የሚከፈተው።

የፊል ኮሊንስን «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» ግን ስታስቡበት ክፈቱ። ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ ምንም ትልቅ ነገር አይመጣም። ከዚያ ያ ድራም ይፈነዳል። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ እጃቸውን አንስተው አየር ላይ ይመታሉ፤ የማያውቁት ግራ ይጋባሉ። የአ-ሃ «ቴክ ኦን ሚ»ንም እንዲሁ። ለመስማት ግሩም ነው። ማይክ ይዛችሁ ግን አዝማቹን እንዳትሞክሩት። መጨረሻው ላይ ያለው ከፍታ ስንቱን ያዋረደ ነው። እኔንም ጭምር።

90ዎቹ፦ ትልቁ ድምፅ ወይስ ፋብሪካው?

ይህ ዘመን ሁለት ነው፤ አትቀላቅሉት። አንዱ ወገን በሲዲ ጥራት ተደግፎ ጣሪያ የሚነካ ድምፅ ነው፦ ዊትኒ፣ ማራያ ኬሪ፣ ሴሊን ዲዮን። ሌላው ወገን ስቶክሆልም ውስጥ በልክ እየተሰፋ የሚወጣው ዜማ ነው።

ለመጀመሪያው ምሳሌ «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ነው። የዊትኒው በ1992 ወጥቶ 14 ሳምንት የአሜሪካን ሰንጠረዥ መራ። ዘፈኑ ግን የዶሊ ፓርተን ነው፤ አብራው ትሠራ የነበረውን ፖርተር ዋገነርን ስትሰናበት ጽፋው በ1974 ያወጣችው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። ዶሊ ዝቅ ባለ ድምፅ ትሰናበታለች፤ መሄዷ አይቀርም። ዊትኒ ደግሞ ስትሄድ ምድር ይንቀጠቀጣል። ለሸኝት ዝግጅት ከሆነ ዶሊን እመርጣለሁ፤ የሚሸኘው ሰው ሳያፍር ማልቀስ ይችላል። የዊትኒው የሚጀምረው ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅ ብቻ ስለሆነ ጫጫታ ባለበት ቤት መግቢያው ይጠፋል። እሱን ማታ፣ ሰው ሲያንስ።

ሁለተኛው ወገን የስዊድኑ ዘፈን ደራሲ ማክስ ማርቲንና ጓደኞቹ ናቸው። «ቤቢ ዋን ሞር ታይም» በመጀመሪያ ቲ ኤል ሲ ለተባሉት የሴቶች ቡድን ቀርቦ ነበር፤ አንፈልግም አሉ። በ1998 ብሪትኒ ስፒርስ ወሰደችው። የባክስትሪት ቦይስ «አይ ዋንት ኢት ዛት ዌይ» ግጥሙን ብትመረምሩት ስሜት አይሰጥም። ማንም ግድ አልሰጠውም። ለእነ ማክስ ማርቲን የሚቀድመው ቃሉ ሳይሆን ቃሉ ከዜማው ጋር ሲገጥም የሚያወጣው ድምፅ ነው። ለእኛ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነው ይህ በረከት ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮ የሚጮኸው ዘፈን ከፈለጋችሁ ከ«ሄይ ጁድ» ቀጥሎ ይኸው ነው፤ በተለይ ዕድሜው ሠላሳና አርባ ከሆነ ሰው ጋር።

የሼር «ቢሊቭ»ም በ1998 ነው። ያ የሚሰባበረው ድምፅ የዘፋኝን ቃና የሚያስተካክለው የኦቶቲውን ሥራ ነው። ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው ከዚያ በፊት ለነዳጅ ፍለጋ የከርሰ ምድር ሞገድ ያጠና ነበር። ሼር ያኔ 52 ዓመቷ ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዘፈኑን እንደገና እንድከፍተው ጠየቀችኝ።

2000ዎቹ፦ ድምፁን ቀንሱ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ጥሩ ዘፈን ጠፍቶ አይደለም። የኤም ፒ ስሪና የአይፖድ ዘመን ነው፤ ሁሉም ዘፈን ከሌላው በልጦ እንዲጮህ እስከ ጥግ ተገፍቶ ነው የተቀዳው። ከ60ዎቹ ዘፈን ቀጥሎ የ2000ዎቹን ብትከፍቱ ክፍሉ ይደነግጣል። ስልካችሁ ላይ የሙዚቃ አፑ ሴቲንግ ውስጥ የዘፈኖችን ድምፅ የሚያስተካክል ምርጫ አለ። አብሩት። ብዙ ሰው አያውቀውም። ዘመን ለሚቀላቅል ሰው ከየትኛውም ምክር ይጠቅማል።

ይህ ዘመን ለእኔ የሚጠቅመው በድልድይነቱ ነው። የቢዮንሴ «ክሬዚ ኢን ላቭ» በ2003 የወጣ ነው። ያ ጥሩምባ ግን በ1970 ከወጣ የቻይ ላይትስ ዘፈን የተወሰደ ነው። የማዶና «ሀንግ አፕ» የ2005 ነው፤ ሥሩ የአባ «ጊሚ ጊሚ ጊሚ» ነው፣ 1979። አሮጌውን አስቀድሙና አዲሱን አከታትሉ። ትልልቆቹ ወለሉ ላይ እያሉ ትንንሾቹ ይጨመራሉ። የአውትካስት «ሄይ ያ» ደግሞ የሚያታልል ዘፈን ነው። ምቱ ሠርግ ነው፣ ግጥሙ ፍቺ። ሠርግ ላይ ሲከፈት ሰምቼ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

ከ2010 ወዲህ፦ ለጆሮ ውስጥ

አሁን ዘፈን የሚሠራው ለስልክ ነው። ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ አፕ አንድን ዘፈን «ተሰማ» ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰሚው ከዚያ በፊት እንዳያልፈው መያዝ አለበት። መግቢያ ቀረ። ዘፈኑም አጠረ። በ2019 19 ሳምንት አንደኛ የነበረው «ኦልድ ታውን ሮድ» የመጀመሪያው ቅጂው 1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ 60ዎቹ ተመለስን። ያኔ የሚያሳጥረው ሸክላው ነበር፤ አሁን አውራ ጣት ነው።

ቢሊ አይሊሽን ስፒከር ላይ ከፍቼ «ምኑ ነው የሚወደደው?» ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ አንዱን ኢርፎን ሰጠችኝ። ጆሮዬ ውስጥ ነው የምትተነፍሰው። የ2019ን አልበም ከወንድሟ ጋር የሠሩት ወላጆቻቸው ቤት፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ለአንድ ሰው ጆሮ የተሠራን ነገር ለሠላሳ ሰው ከፍቼ የፈረድኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ለብቻ፣ ለሌሊት፣ ለጉዞ ከሆነ ይህ ዘመን ሌሎቹን ያስንቃል። የአዴል «ሰምዋን ላይክ ዩ»ም እዚህ ይገባል፤ ድምፅና ፒያኖ ብቻ ነው። ልቡ የተሰበረ ሰው ባለበት ቤት ግን አደራ።

ለጋራ ጭፈራ «አፕታውን ፈንክ» አለ፤ 70ዎቹንና 80ዎቹን ለብሶ የመጣ ስለሆነ ማንም አይከፋውም። ከሁሉም ግን «ብላይንዲንግ ላይትስ»። የእኛው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊከንድ ማለት ነው፣ በ2019 መጨረሻ ያወጣው። ሲንተሳይዘሩ እንዳለ የ80ዎቹ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 171 ምት ስለሆነ ግን «ቢሊ ጂን» ላይ የጨፈረ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። እኩዮቼ «የኛ ዘመን ዘፈን!» ብለው ይነሳሉ፣ ልጆቹ «የኛ ነው» ይላሉ። አክስቴ ደግሞ «ዘ ሂልስ» መጨረሻ ላይ አማርኛ ስትሰማ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብላ ስልኬን ቀማችኝ።

በሁለተኛው ዝግጅት

እንደገና ሙዚቃ ያዝ ስባል ሰው እየገባ፣ ሰላምታ እየተለዋወጠ ሳለ ሞታውንን ከፈትኩ፤ ወሬ አይሻማም። ሰው ሲሞላ «ዳንሲንግ ኩዊን»። ከዚያ ስቲቪ ወንደር፣ ከዚያ «ቢሊ ጂን»። ከአባ ወደ ማዶና ተሻገርኩ። ልጆቹ የገቡት እዚያ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ስልኩን አልነካሁትም፤ የእህቴ ልጅ ናት ያዘችው። የዶሊን ዘፈን ግን አልከፈትኩም። የሚሸኝ ሰው አልነበረም።

መጨረሻ ላይ እኔና እሷ ተጣላን። እሷ በ«ብላይንዲንግ ላይትስ» እንዝጋ አለች፣ እኔ በዊትኒ። አክስቴ ጫማዋን እያደረገች «ያችን ና ና ና የምትለዋን አድርጉልኝ» አለች። ከፈትናት። አንድ ደቂቃ ሲቀራት ጎረቤት በሩን አንኳኳ። የሚቆጣ መስሎን ቀነስነው። «ለምን ቀነሳችሁት?» አለ።